ስለ ቤት ብቅል፦ ለግብርና ምርምር፣ ለደረጃዎችና ለኅብረተሰብ ጤና ተቋማት የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦
ለኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት
ለኢትዮጵያ ኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት

ጉዳዩ፦ በቤትና በገበያ ለሚዘጋጅ ብቅል የምርምርና የጥራት ድጋፍ እንዲደረግ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የተቋማቱ ኃላፊዎችና ተመራማሪዎች፣

በሀገራችን ብቅል የሚዘጋጀው በሁለት ቦታ ነው። አንደኛው በአሰላ፣ በጎንደር፣ በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባው ቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሚገኙት ፋብሪካዎች ሲሆን፣ ሁለተኛው በየጓሮውና በየጓዳው፣ በአብዛኛው በሴቶች እጅ ነው። ለፋብሪካው ብቅል ዝርያ ተመርጧል፣ የፕሮቲን መጠን ተወስኗል፣ ገበሬው በውል እንዲያመርት ተደርጓል፣ ቤተ ሙከራም ተከፍቷል። የቤቱ ብቅል ግን ለጠላ፣ ለአረቄና ለቦርዴ፣ አለፍ ሲልም ለምግብ እየዋለ፣ ጥራቱን የሚመረምርለት ገዢዋ ከጆንያው እፍኝ አንሥታ ማሽተቷ ብቻ ነው። ይህ ደብዳቤ ስለዚህኛው ብቅል የተጻፈ ነው። የምጠይቀውም ሥራው ተጨማሪ ፈቃድና ግብር እንዲጫንበት አይደለም፤ ብቅል እንደ ምግብ ተቆጥሮ እንዲመረመርና ለሚያዘጋጁት ሰዎች በእጃቸው ባለው ዕቃ ሊሠሩበት የሚችሉት የአሠራር መመሪያ እንዲወጣ ነው።

በቅድሚያ ከፋብሪካ ብቅል ጋር ጠብ እንደሌለኝ ይታወቅልኝ። የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1922 ከተቋቋመ ወዲህ የሀገራችን ቢራ ለብዙ ዘመን ከባሕር ማዶ በሚመጣ ብቅል ሲጠመቅ ኖሯል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1970ዎቹ አጋማሽ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ሥራ መጀመሩ፣ በቅርቡ ደግሞ ቦርትማልት በደብረ ብርሃን፣ ሱፍሌ በቦሌ ለሚ እያንዳንዳቸው በዓመት 60 ሺህ ቶን ብቅል የማምረት ዐቅም ይዘው መምጣታቸው፣ ለአርሲ፣ ለባሌና ለሰሜን ሸዋ ደጋ ገብስ አምራች ትልቅ የገበያ በር ከፍቷል። ጥሬ ዕቃው በአብዛኛው ከሀገር ውስጥ ለሚገኝ ቢራ በኤክሳይዝ ታክስ ላይ የተደረገው ቅናሽም ይህንኑ የሚያግዝ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም አንድ ገብስ ለብቅል ይሆናል ወይስ አይሆንም የሚለው ፍርድ ሙሉ በሙሉ በቢራ ጠማቂው ሚዛን እንዲሰጥ መደረጉ ነው። ይህ ሚዛን ለቤት ብቅል ለምን እንደማይሠራ ለማስረዳት ብቅል ምን እንደሚሠራ በጥቂቱ መግለጽ ያስፈልጋል። ለእናንተ አዲስ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ሌላውም አንባቢ ጉዳዩን እንዲከታተለው ብዬ ነው።

እህል ተዘፍዝፎ ሲበቅል፣ በውስጡ የተከማቸውን ስታርች ለቡቃያው የሚፈቱ ኢንዛይሞች አዲስ ይፈጠራሉ፣ ታስረው የነበሩትም ይለቀቃሉ። ዋነኞቹ አልፋ አሚሌዝና ቤታ አሚሌዝ የሚባሉት ናቸው። አልፋው ረጃጅሙን የስታርች ሰንሰለት ከመካከሉ እየበጠሰ ያሳጥረዋል፤ ቤታው ደግሞ ከጫፉ ጀምሮ እየቆረጠ ማልቶስ የተባለውን ስኳር ያወጣለታል። ብቅል ማለት ቡቃያው ስንቁን በልቶ ከመጨረሱ በፊት በማድረቅ እድገቱ የተገታ እህል ነው። የመጥመቂያ እርሾ ስታርችን በቀጥታ ሊበላ ስለማይችል፣ ብቅል ከሌለ ወይም ብቅሉ ደካማ ከሆነ ጋኑ ውስጥ የገባው እህል ሁሉ እንደ ገባ ይቀራል። ተቆልቶ የሚጨመረው እህል ማለትም አሻሮው ለጠላው መልክና ጣዕም ይሰጣል እንጂ ኢንዛይም አይሰጥም፤ የነበረውም ምጣዱ ላይ ተቃጥሎ አልቋል።

አሁን ሁለቱን ሚዛኖች እናስተያይ። ቢራ ጠማቂው የሚፈልገው ገብስ ፍሬው የሞላና መጠኑ እኩል የሆነ፣ ፕሮቲኑ በግምት ከ9 እስከ 12 በመቶ የሚደርስ፣ ከመቶ ፍሬ ከ95 በላይ የሚበቅል ነው። ፕሮቲን ሲበዛ ስታርች ያንሳል፤ ከአንድ ኩንታል ብቅል የሚገኘው ቢራም ይቀንሳል፣ ሊደፈርስም ይችላል። ጠማቂው በፋብሪካው ውስጥ ብቅሉን ከሙቅ ውሃ ጋር አዋሕዶ ከ60 እስከ 70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ባለው ሙቀት ስለሚያቆየው ኢንዛይሙ በፍጥነት ሥራውን ይጨርሳል። በቤት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በጠላ ድፍድፍ ውስጥ ከብቅሉ ይልቅ የሚበዛው ያልበቀለው እህል ማለትም አሻሮው፣ ቂጣው ወይም እንኩሮው ነው። ድፍድፉን በሙቀት ጠብቆ የሚያቆይ የለም፤ ኢንዛይሙ በቤቱ ቅዝቃዜ፣ ከእርሾውና ከአኮምጣጭ ባክቴሪያው ጎን ለጎን፣ ቀናት ፈጅቶ ያን ሁሉ እህል መፍታት ይጠበቅበታል። ስለዚህ የቤት ብቅል ከፋብሪካው ብቅል ይልቅ የኢንዛይም ጉልበት ይፈልጋል።

ይህ ጉልበት ደግሞ በአብዛኛው ከፕሮቲኑ ጋር አብሮ የሚጨምር ነው። ባለ ስድስት ረድፍ ገብስም ከባለ ሁለት ረድፉ የበለጠ ኢንዛይም እንደሚሰጥ የታወቀ ሲሆን፣ ቢራቸውን በቆሎና ሩዝ እየቀላቀሉ የሚጠምቁ የአሜሪካ ፋብሪካዎች ባለ ስድስት ረድፉን ለረጅም ዘመን ሲመርጡ የኖሩትም በዚሁ ምክንያት ነው። እንግዲህ ፕሮቲኑ ከልክ አልፏል ተብሎ ከብቅል ፋብሪካ በር የሚመለስ ገብስ ለጠላ እመቤቷ ከሁሉ የተሻለው ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ይህ ከሳይንሱ ተነሥቼ የደረስሁበት ግምት ስለሆነ በቤተ ሙከራ መረጋገጥ አለበት፤ ሥራው ግን ከባድ አይደለም። የብቅል ገብስ ዝርያ ሲፈተሽ የኢንዛይም ጉልበት ከሚለኩት ባሕርያት አንዱ ነውና፣ ያው ልኬት ለቢራ ባልተመረጡት ናሙናዎች ላይም ተሠርቶ ውጤቱ ቢታተም አብዛኛው ጥያቄ መልስ ያገኛል። ተመላሽ ገብስ ሁለተኛ ገበያ እንዳለው ገበሬው ቢያውቅ ደግሞ በፋብሪካው በር ላይ የመደራደር ዐቅሙ ከፍ ይላል።

ስለ ዝርያ ከተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ሀገራችን መጥቶ የገብሳችንን ስብጥር ካየ በኋላ ኢትዮጵያን በዓለም ከታወቁት የሰብል ብዝኃነት ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 የጀርመን ተመራማሪዎች ከዚሁ ምድር በሰበሰቡት ገብስ ውስጥ ደግሞ፣ ቅጠልን ዱቄት የነሰነሱበት የሚያስመስለውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋም፣ ሳይንቲስቶች ኤምኤልኦ 11 ብለው የሚጠሩት የዘር ባሕርይ ተገኘ። ይህ ባሕርይ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ መጨረሻ ወደ አውሮፓ የጸደይ ገብስ ዝርያዎች ገብቶ እስከ ዛሬ ድረስ የብቅል ገብሳቸውን ከበሽታ ሲጠብቅላቸው ይኖራል። ዛሬ እኛ በተራችን ትራቨለርንና ግሬስን የመሰሉ የአውሮፓ ዝርያዎች አምጥተን ለብዙ ዓመታት መተማመኛችን ከነበሩት ከሆልከርና ከቤካ ጎን እንዘራለን። ዝርያ መቀባበል መልካም ነው፤ ግን የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ከ15 ሺህ በላይ የገብስ ናሙና በማቀዝቀዣ ይዞ፣ ገበሬውም ጥቁር ገብሱን ለጠላ፣ ሰነፍ ገብሱን ለቆሎ እያለ በየማሳው ለይቶ ጠብቆ ሳለ፣ ከእነዚህ መካከል ለቤት ብቅል የትኛው እንደሚሻል የሚናገር፣ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛ የሚሰጥ አንድ ገጽ ጽሑፍ እስካሁን አላጋጠመኝም።

ቀጥዬ ወደ አዘገጃጀቱ እመለሳለሁ፤ የደብዳቤዬ ዋና ጭብጥም እዚህ ላይ ነው።

የቤት ብቅል አሠራር በየአካባቢው ይለያይ እንጂ መንገዱ ተቀራራቢ ነው። ገብሱ፣ ስንዴው ወይም ዳጉሳው ተለቅሞና ታጥቦ አንድ ሌሊት ወይም ከዚያ በላይ ይዘፈዘፋል፤ ውሃው ይጠነፈፋል፤ በኮባ ወይም በሌላ ሰፊ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ብዙ ጊዜም ድንጋይ ተጭኖበት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ይቆያል። ሥሩ ተሳስሮ እንደ ምንጣፍ ሲያያዝ ይወጣና እየተፈረካከሰ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በዚህ አሠራር ውስጥ ሊመሰገን የሚገባው ብዙ ነው። ቅጠሉ እርጥበቱንና ሙቀቱን ይጠብቃል፤ የፀሐይ ማድረቂያው ሙቀትም ዝቅተኛ ስለሆነ ከ80 ዲግሪ በላይ ከሚደርሰው የፋብሪካ ምድጃ ይልቅ ኢንዛይሙን አይጎዳውም። በዩኒቨርሲቲ የተማርን ባለሙያዎች ይህን አሠራር ኋላ ቀር ብለን ከማለፋችን በፊት፣ ያለ ቴርሞሜትርና ያለ ማቀዝቀዣ በየሳምንቱ የሚበቃ ብቅል እያወጣ የኖረ መሆኑን ልብ ልንለው ይገባል።

ችግሩ የሚገባባቸው ቀዳዳዎችም እንዲሁ የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ዘሩ ነው። ገብስ ከአጨዳ በኋላ ለተወሰኑ ሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት፣ ሳይበቅል ያንቀላፋል፤ ከልዩ ልዩ ማሳ የተቀላቀለና በማሽን ሲወቃ የተሰበረ እህል ደግሞ ግማሹ በቅሎ ግማሹ ይቀራል። ያልበቀለው ፍሬ ለሻጋታ የተመቸ ማደሪያ ነው። ሁለተኛው መዘፍዘፊያው ነው። እህሉ ውሃ ውስጥ ሆኖም ይተነፍሳል፤ ፋብሪካው በየተወሰነ ሰዓቱ ውሃውን አፍስሶ አየር እያስገባ እርጥበቱን ከ42 እስከ 46 በመቶ የሚያደርሰው ስለዚህ ነው። በቤት ውሃው ሳይቀየር ሌሊቱን ሙሉ ሲቆይ እህሉ ይታፈናል፣ ውሃውም ይሸታል። በመካከሉ አንድ ጊዜ አጥንፍፎ ለጥቂት ሰዓት ማናፈስና ውሃውን መቀየር ምንም ዕቃ የማይጠይቅ መፍትሔ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው ግን የማድረቁ ጉዳይ ነው። በበጋ ሁለትና ሦስት ቀን ጠንካራ ፀሐይ ያገኘ ብቅል ብዙ አያሳስብም። በክረምት ግን ቡቃያው ቀን ተሰጥቶ ሲያጉረመርም እየተነሣ፣ ማታ ቤት ውስጥ ተከምሮ እያደረ፣ እርጥበቱ ከ12 ወይም ከ13 በመቶ በታች ሳይወርድ ጆንያ ውስጥ ይገባል። መሬት ላይ፣ አቧራና የቤት እንስሳ በማያጣው ግቢ መሰጣቱም ሌላ ነው። ሻጋታ ያበቀለ ብቅል ከጠረኑ ቢታወቅ እንኳ ኪሳራው የሻጩ ስለሆነ፣ ታሽቶና ተነፍቶ ከደህናው ጋር ሲቀላቀል ይታያል። ሻጮቹን ለመክሰስ የምናገረው አይደለም፤ አንድ ጆንያ ብቅል መጣል ለአንዳንዷ የወር ትርፏን መጣል ነው።

አንዳንድ የሻጋታ ዓይነቶች አፍላቶክሲንና መሰል መርዞችን እንደሚያመነጩ፣ ጉበትን እንደሚጎዱም እናንተ ከእኔ በተሻለ ታውቁታላችሁ። አረቄ ስለሚተንና ስለሚጣራ ከዚህ ነፃ ነው ይባላል፤ ስለ አረቄው እውነት ነው፣ አፍላቶክሲን አብሮ አይተንምና። ነገር ግን የማይተነው ነገር አተላው ውስጥ ይቀራል። አተላ ለወተት ላምና ለሚደልብ በሬ የሚሸጥ መኖ ነው፤ ላም የበላችው አፍላቶክሲን ከፊሉ መልኩን ለውጦ በወተቷ ይወጣል። ከጥቂት ዓመታት በፊት በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተሰበሰበ ወተት ላይ የተደረገ ጥናት ከፍተኛ የአፍላቶክሲን መጠን ሲያሳይ ጣት የተቀሰረው በዋነኛነት በኑግ ፋጉሎ ላይ ነበር። ፋጉሎው ትኩረት ማግኘቱ ተገቢ ነው፤ ክትትሉ ግን ከአተላው አልፎ እስከ ብቅሉ ቢዘልቅ ሰንሰለቱ ሙሉ ይሆን ነበር።

እስካሁን ያወራሁት በአብዛኛው ስለ ደጋው ገብስ ነው። በቆላው ብቅል የሚዘጋጀው ከማሽላ፣ ከዳጉሳና ከበቆሎ ሲሆን፣ በደቡብ ያሉት ቦርዴና ጨቃ በመጠጥ ስም ይጠሩ እንጂ ምግብ ናቸው። በኮንሶ ገበሬው እርሻ ላይ ውሎ የሚበረታው በጨቃ ነው፤ በዲራሼ ደግሞ ከማሽላና ከበቆሎ የሚዘጋጀው ፓርሾት የዕለት ቀለቡን አብዛኛውን ክፍል የሚሸፍን መሆኑን ያጠኑት ሁሉ መስክረዋል። እነዚህን መጠጦች ከቢራ ጋር በአንድ መዝገብ አስፍሮ የአልኮል ጉዳይ ብቻ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው። ማሽላ ሲበቅል ግን አንድ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቡቃያውና በሥሩ ውስጥ ሲፈጭና ሲረጥብ ሳያናይድ የሚለቅ ንጥረ ነገር ይፈጠራል። ብቅሉ ከደረቀ በኋላ አሽቶና አንፍሶ ሥሩንና ቡቃያውን ማስወገድ አደጋውን በእጅጉ ይቀንሰዋል፤ ብዙ እናቶችም ለጣዕሙ ብለው ያደርጉታል። ምክንያቱ ተነግሯቸው ሁሉም ቢያደርጉት ደግሞ የተሻለ ነው።

የቆላ እህል ብቅል ለፋብሪካም አይሆንም የሚል ካለ ናይጄሪያን ይመልከት። መንግሥቷ እ.ኤ.አ. በ1988 የገብስ ብቅል ከውጭ እንዳይገባ ሲከለክል የቢራ ፋብሪካዎቿ ወደ ማሽላና ወደ በቆሎ ዞረዋል፤ እገዳው ከተነሣም በኋላ ማሽላው ከጋናቸው አልወጣም። እኛ ሀገር ግን ማሽላና ዳጉሳ በብቅልነት ሲመረመሩ የማየው አልፎ አልፎ በተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ነው።

አሁን ከመጠጥ ልውጣ። ለኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በተለይ የምጽፈው ይህን ክፍል ነው።

ስምንት ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ሆዱ በአንድ ጊዜ የሚይዘው ሩብ ሊትር እንኳ አይሞላም፤ ስሌቱ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት 30 ሚሊ ሊትር ግድም ነው። እናት አጥሚቱን ልጇ እንዲውጠው ብላ ስታቀጥነው፣ በ100 ግራም አጥሚት ውስጥ የሚኖረው ዱቄት 7 ግራም ያህል ብቻ፣ የሚሰጠውም ጉልበት 25 ኪሎ ካሎሪ ቢሆን ነው። ዱቄቱን ወደ 20 ግራም ብታሳድገው ጉልበቱ ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል፤ ግን ገንፎ ሆኖ ስለሚጠጥር ሕፃኑ ሊውጠው አይችልም። ልጁ ጠግቦ ሳለ የሚራበው በዚህ መካከል ነው። ከዚህ ወጥመድ የሚያወጣው ብልሃት ብቅል ነው። በወፍራሙ ገንፎ ላይ ጥቂት፣ ከዱቄቱ አምስት በመቶ ያህል፣ የብቅል ዱቄት ሲጨመርበት አልፋ አሚሌዙ የስታርቹን ሰንሰለት ስለሚበጣጥሰው፣ ገንፎው ምንም ውሃ ሳይጨመርበት በደቂቃዎች ውስጥ ቀጥኖ የሚጠጣ ይሆናል። በሕንድ ይህ ዘዴ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ተጠንቶ ለእናቶች ትምህርት ውሏል። ማብቀል ራሱም በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት ስለሚቀንስ ትርፉ ድርብ ነው።

አደራረጉ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ብቅሉ በሚፈላ ገንፎ ላይ ከተጨመረ ኢንዛይሙ ወዲያው ይሞትና ምንም ሳይሠራ ይቀራል፤ ገንፎው ከእሳት ወርዶ ጥቂት ከበረደ በኋላ ተጨምሮ ሲማሰል ነው የሚያቀጥነው። ብቅል በእርጥበትና በሙቀት ውስጥ የከረመ ስለሆነ ተሐዋስያን አያጣውም፤ ስለዚህ ከቀጠነ በኋላ እንደገና እሳት ላይ ወጥቶ አንድ ጊዜ መፍላት አለበት። ለሕፃን የሚሆነው ብቅል ከገብስ፣ ከስንዴ ወይም ከዳጉሳ ቢሆን ይመረጣል፤ የማሽላው ብቅል አስቀድሜ በገለጽሁት ምክንያት ለልጅ አይሁን። ከአዲስ አበባው የእህል ገበያ ከእህል በረንዳ የተገዛ፣ ለጠላ ተብሎ የተዘጋጀ ብቅልም እንዲሁ አይሁን። እዚህ ላይ ነው የጥራቱ ጥያቄና የሕፃናቱ ጥያቄ የሚገናኙት፦ የምንተማመንበት ንጹሕ የቤት ብቅል ሳይኖር፣ ብቅል ለልጆቻችሁ ስጡ ብሎ ማስተማር አይቻልም።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው አነስተኛው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እንዳመለከተው ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑ ልጆቻችን 37 በመቶዎቹ ቀንጭረዋል። ብቅል ብቻውን ይህን ይፈታዋል የሚል እምነት የለኝም፤ ወተት፣ እንቁላል፣ ጥራጥሬና ንጹሕ ውሃ የሚያመጣውን ብቅል ሊያመጣው አይችልም። ሆኖም ተቋማችሁ የቀድሞው የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ወራሽ ነው፤ ያም ተቋም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በስዊድን ድጋፍ ፋፋን ያህል የሕፃናት ምግብ ለሀገር ያበረከተ ነው። ፋፋ በፋብሪካ ተመርቶ የሚገዛ ምግብ ነበር፤ እኔ የምለው እናት በቤቷ፣ ከራሷ ጎተራ በወጣ ገብስ ልትሠራው የምትችለውን ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ስለ ተጨማሪ ምግብ በሚያስተምሩበት ጊዜ ውስጥ ለዚህ የሚሆን ቦታ መፈለግ ከባድ አይመስለኝም።

ይህን ስጽፍ የሚነሣብኝ ተቃውሞ ይታየኛል፤ የአልኮል ጉዳት ሀገር ባስጨነቀበት ጊዜ ለጠላና ለአረቄ ጥሬ ዕቃ ምርምር መጠየቅ መጠጥን ማበረታታት ነው የሚል። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በብሮድካስት የሚተላለፈውን የአልኮል ማስታወቂያ መከልከሉን ከሚደግፉት አንዱ ነኝ፤ በተለይ አረቄ፣ ተራው ከ30፣ ዳግሙ ከ40 በመቶ በላይ አልኮል ይዞ በየመንደሩ በርካሽ መሸጡ ያሳስበኛል። የአረቄ ማውጣት ሥራ የሚፈጀው ማገዶም፣ በአርሲ ነገሌ ዙሪያ በደን ላይ የሚያደርሰውን ጫና ላየ ሰው፣ ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይወጣዋል። ነገር ግን ጠላው ከሠርጉ፣ ከማኅበሩና ከደቦው አይቀርም፤ የሚቀር ከሆነም የሚቀረው በሻገተ ብቅል ስለተጠመቀ አይሆንም። ሰው የሚጠጣውን መጠን መቀነስ አንድ ሥራ ነው፣ የሚጠጣው እንዳይመርዘው ማድረግ ሌላ ሥራ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስቀረውም።

እንግዲህ ከእያንዳንዳችሁ የምጠብቀውን ለይቼ ላስቀምጥ። ከግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ በሆለታና በቁሉምሳ ማዕከላት በሚካሄደው የገብስ ምርምር ውስጥ ለቤት ብቅል የሚሆን የኢንዛይም ጉልበት እንደ አንድ የመምረጫ መስፈርት እንዲገባ፣ ከብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር በመሆንም ገበሬው ለጠላ ብሎ ለይቶ የያዛቸው የገብስ ዓይነቶች አስቀድመው እንዲፈተሹ እጠይቃለሁ። ማሽላውና ዳጉሳው ለሁለተኛ ዙር ይቆይ ብትሉም እረዳለሁ፤ ተረስተው እንዳይቀሩ ብቻ ቀነ ቀጠሮ ይያዝላቸው። ከኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ በገበያ ላይ ካለው ብቅል በበጋም በክረምትም ናሙና ተወስዶ እርጥበቱና የአፍላቶክሲን መጠኑ እንዲለካ፣ ውጤቱም ለሕዝብ እንዲገለጽ፤ በብቅል ስለሚቀጥን የሕፃናት ገንፎም በጥቂት ወረዳዎች ሙከራ እንዲጀመር።

ከደረጃዎች ኢንስቲትዩት የምጠብቀው ከሁሉ ይከብዳል፣ ምክንያቱም ደረጃ ሲባል የሚታየን ቤተ ሙከራ፣ ማኅተምና ቅጣት ነው። ለጓሮ ብቅል እንዲህ ያለ ደረጃ ቢወጣ ሥራውን ከሴቶቹ እጅ ነጥቆ ላለው ነጋዴ ከመስጠት በቀር የሚፈይደው የለም። የሚያስፈልገው የአሠራር መመሪያ ነው፦ ዘሩ ከመዘፍዘፉ በፊት መቶ ፍሬ ቆጥሮ አብቅሎ መሞከር፣ የመዘፍዘፊያውን ውሃ መቀየርና እህሉን ማናፈስ፣ ብቅሉን ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ወይም ወንፊት ላይ ማስጣት፣ በክረምት ለብዙ አዘጋጆች በጋራ የሚያገለግል በላስቲክ የተሸፈነ የፀሐይ ማድረቂያ መሥራት፣ ደርቋል አልደረቀም የሚለውን በጥርስ ሰብሮ መለየት፣ ሥሩን አሽቶ ማንፈስ፣ የሻገተውን ለሰውም ለከብትም ሳይሰጡ መቅበር። ይህ ሁሉ ሥዕል ተጨምሮበት በጥቂት ገጽ ያልቃል፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛና ብቅል በሚዘጋጅባቸው የደቡብ ቋንቋዎችም ሊታተም ይገባዋል። የማድረቂያውን ወጪ በተመለከተ የከተማ ክፍለ ከተሞች ለጥቃቅንና አነስተኛ ማኅበራት ከሚሰጡት የመሥሪያ ቦታ ጋር ማያያዝ የሚቻል ይመስለኛል።

የመመሪያው ረቂቅ ከመታተሙ በፊት ብቅል በማዘጋጀት የሚተዳደሩ ሴቶች በተገኙበት ጮክ ተብሎ ይነበብ። አይሆንም የሚሉት ነጥብ ሲኖር በስብሰባ ድምፅ ከመወሰን ይልቅ፣ በእነርሱ ጓሮ፣ በእነርሱ እህል፣ አንዱ እጅ በመመሪያው ሌላው በነባሩ አሠራር ጎን ለጎን ተዘጋጅቶ ይታይ፤ ናሙናውም ወደ ቤተ ሙከራ ይላክ። ሥራው በሰኔ ቢጀመር ማድረቂያው በክረምቱ ዝናብ ይፈተናል፤ መመሪያውም ሠርግና ድግስ ለሚበዛበት ለጥር ይደርሳል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የምግብ ሳይንስ ባለሙያ
አዲስ አበባ